በስሜ የተላከው ድርሰት

የመጀመሪያው ምልክት ትኩሳት አልነበረም። አባዬ ከሱቅ ገብቶ «እንዴት ዋላችሁ?» ሲል ድምፁ ባዶውን መጣ። ድምፅ ነበረው፤ ቀለም ግን አልነበረውም። ጆሮዬ የተደፈነ መስሎኝ በጣቴ አሻሸሁት። ውጭ ታክሲዎች ጡሩምባ ነፉ፤ እሱም ባዶ ነበር። በነጋታው ትኩሳቱ መጣ፣ ሳሉ ተከተለ፣ የሽንኩርት ቁሌት አፍንጫዬ ሥር እየተንጨረጨረ ምንም አልሸተተኝም።

ይህን የምጽፈው ድምፅ ስትሰሙ ቀለም ለሚታያችሁ፣ ይህንንም ለቤተሰብ እንዴት እንደምትናገሩት ለጨነቃችሁ ነው። የሚጽፍ ሌላ ሰው እስኪመጣ ብዙ ጠበቅሁ፤ የመጣ የለም።

ወረርሽኙ ሁሉንም ቤት ያስቀመጠበት ጊዜ ነው። የምንኖረው ከጆሃንስበርግ ወጣ ብላ ቤኖኒ ውስጥ ሲሆን፣ አባዬ ዳቬይተን ላይ ስፓዛ አለው፤ ዳቦ፣ ወተትና የስልክ ካርድ የሚሸጥባት የሰፈር ሱቅ ማለት ነው። እማዬ ለአያቴ ለቅሶ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ እንደሄደች ድንበሩ ተዘጋና እዚያው ቀረች። እኔ የማትሪክ ተፈታኝ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ሰናይት፣ እኔ «ሲስ» የምላት፣ የእናታችንን ቦታ ተክታ ቤቱን ያዘችው።

ከዚያ መተንፈስ አቃተኝ። ከንፈሬ ጠቆረ። ሰናይት አዝላ መኪና ውስጥ አስገባችኝ። ሆስፒታሉ በር ላይ ጠባቂው አስቆማት። እኔ ገባሁ፤ እሷ ቀረች። ኦክስጅን ሰኩልኝ። በሆዴ አስተኙኝ። ከጎኔ የነበረችው ሴትዮ ጠዋት አልነበረችም። አልጋዋን አንጥፈውት ነበር። ለማልቀስ ትንፋሽ አልበቃኝም።

ሻል ሲለኝ ሐኪሟ «ጣዕምና ሽታ ተመለሰልሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እነሱስ ይቅሩ፤ የሰው ድምፅ ቀለሙ የሚመለሰው መቼ ነው?» አልኳት።

እስክሪብቶዋ ቆመ። «ድሮ ቀለም ነበረው?»

«የሁሉም ሰው ድምፅ ቀለም የለውም እንዴ?»

ያን ሁሉ መከላከያ ልብስ እንደለበሰች አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ይህ ሲነስቴዥያ ይባላል» አለችኝ። «አንዱ ስሜት ሲነካ ሌላውም አብሮ ይነቃል። በሽታ አይደለም፤ መድኃኒትም አይሻም።» ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «አላውቅም። አላውቅም ብልሽ ይሻላል» አለች። ለዚህ መልሷ እስከ ዛሬ አከብራታለሁ።

ቤት ከገባሁ በኋላ ማገገሙ ረጅምና አሰልቺ ነበር፤ ሰናይት ሾርባ ትሠራልኛለች፣ የሳንባ ስፖርት ታሠራኛለች፣ ክንዴን ይዛ እስከ ግቢው በር ታራምደኛለች፣ ስንመለስም እንደ ሕፃን ታሞግሰኛለች። አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆመን ስናርፍ ጎረቤታችን ማማ ኖምሳ በአጥር ላይ «ሳውቦና ሲሲ!» ብላ ሰላም ስትለኝ፣ ድምፅዋ ዝናብ እንደነካው ሸክላ ቀይ ሆኖ መጣ። እየሳቅሁ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ የሌሎቹም አንድ በአንድ ተመለሰ።

በዚያው ሰሞን ውጭ አገር የሚገኝ አንድ ኮሌጅ ለነፃ ትምህርት ዕድል ድርሰት ይጠይቅ ነበር፤ ማን እንደሆንሽ ንገሪን የሚል። ጭንቅላቴ ገና ጭጋግ ነበረበት፤ ኮምፒውተር ላይ ትንሽ ካፈጠጥሁ ያዞረኛል። ስለዚህ በስልኬ ቁርጥራጭ እያደረግሁ፣ እየተኛሁ እየተነሳሁ ጻፍኩት። የሐኪሟን ጥያቄ፣ የማማ ኖምሳን ቀይ፣ ሰው ሁሉ እንደኔ ይመስለኝ የነበረበትን ዘመን ሁሉ አስገባሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የጻፍኩት ነገር የለም። እንግሊዝኛውን እንድታስተካክልልኝ ለሰናይት ሰጠኋት።

«በቃ አንቺ ተኚ፤ አርሜ እልከዋለሁ» አለችኝ። የይለፍ ቃሌንም ሰጠኋት።

ከወራት በኋላ ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ። በኢንተርኔት ነው። አባዬ ሱቁን ዘግቶ፣ ለቅዳሴ የሚለብሰውን ኮት ለብሶ፣ ካሜራው እንዳያየው ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተቀመጠ። ጠያቂው ደግ ፊት ያለው ሽማግሌ ነበር።

«ድርሰትሽ ልባችንን ነክቶታል» አለ። «አባትሽ ሽጉጥ ተደቅኖበት፣ ተንበርክኮ እያለቀሰ ሲለምን ማየትሽ...»

ክው አልኩ።

ነገሩ እውነት ነው። ከወረርሽኙ በፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቃችን ተዘርፎ ነበር። እኔና ሰናይት ከዱቄቱ ከረጢት ጀርባ ተደብቀን አየነው። ሰዎቹ ሲሄዱ አባዬ ሱሪውን አራገፈና «ይሄ ነገር ከዚህ በር እንዳይወጣ» አለን። ለእማዬ እንኳን ትንፍሽ አላልንም።

አባዬ እንግሊዝኛ ከደንበኞቹ የለመደ ሰው ነው፤ ያንን ለመረዳት አላነሰውም። ጉልበቱን አየ። ተነሳ። በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።

«ይቅርታ» አልኩ ለሽማግሌው። «ይህን እኔ አልጻፍኩትም። የኔ ስለ ሲነስቴዥያ ነበር።» እናጣራለን አለኝ። በኋላ የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ የቀረበው ሥራ የአመልካቿ ባለመሆኑ አልተቀበሉኝም።

ሰናይትን ወጥ ቤት አገኘኋት። «ሲስ፣ ምን አደረግሽ?»

«ኬዝሽን አስተካከልኩልሽ።»

ኬዝ የሚሉት ሰዎቻችን ጥገኝነት ሲጠይቁ ቢሮ ፊት የሚናገሩትን ታሪክ ነው። የለመደ ሰው ለአዲስ መጪ ያዘጋጅለታል፤ የትኛው እንደሚያልፍ የትኛው እንደሚወድቅ ይነግረዋል። ሰናይት ገና ልጅ ሳለች ለአባዬ እያስተረጎመች እነዚያ ቢሮዎች ውስጥ ነው ያደገችው። ለባለ ጠረጴዛ የሚሰጥ ወረቀት ሁሉ ለእሷ ኬዝ ነው።

«ቀለም ይታየኛል ብለሽ ስትጽፊ የጭንቅላት በሽተኛ ብለው ይመልሱሻል» አለችኝ። «ነገ ቪዛውስ? ሴሪየስሊ፣ እነሱ የሚፈልጉት የተጎዳ ሰው ነው። ሰጠኋቸው።»

«አባዬን ነው የሰጠሻቸው።»

ማንኪያውን ይዛ ወጡን ማማሰሏን ቀጠለች፤ ያን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ረግሜው እገላገል ነበር። በጀርባዋ ያዘለችኝ፣ እጇ ላይ ያስታመመችኝ እህቴ ናት የከዳችኝ። አንጀቴ እስካሁን እርር ይላል። ዕድሉ መቅረቱ አይደለም፤ የጻፍኩትን አንብባ፣ እኔን በሙሉ አንብባ፣ ይሄ አይጠቅምም ብላ ማጥፋቷ ነው።

አባዬ ሰነባብቶም ቢሆን ዐይኔን ማየት አልቻለም። እኔ እንዳልጻፍኩት ማልኩለት። «አውቃለሁ ልጄ» አለኝ። «ግን ስምሽ ነው ያለበት።» ከዚያ የራሴን ድርሰት ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። ሲያልቅ እንደገና እንዳነብለት ጠየቀኝ።

አሁን እዚሁ ጆሃንስበርግ እማራለሁ፤ የማትሪክ ውጤቴን እንጂ ድርሰት የጠየቀኝ የለም። ላልዋሸችኝ ሐኪም፣ በሆዴ ላስተኙኝ ነርሶች፣ ለማማ ኖምሳ፣ ሁለቴ ለሰማኝ አባቴ ምስጋናዬ ትልቅ ነው። ለሰናይትም ነው፤ ያለ እሷ ሆስፒታል በር አልደርስም ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። እናንተ ግን፣ ድምፅ ቀለም ካለው በሽታ አይደለምና አትፈሩ፤ ድንገት ከጠፋባችሁ ግን ለሐኪም ሳታፍሩ ተናገሩ። ቤተሰባችሁ ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት በገዛ አፋችሁ ንገሩት። ስለ ራሳችሁ የጻፋችሁትን ደግሞ ቢያዞራችሁም፣ እየወደቃችሁም ቢሆን፣ ራሳችሁ ላኩት።

ሰናይትን ይቅር ብያት እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። ድምፅዋ የበሰለ ማንጎ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ይጠቁራል፣ ቢቀር ቢቀር ይደበዝዛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢሆንልኝ ይቀለኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከጓዳ «ቁርስ ቀርቧል፣ ነይ» ስትለኝ ያው ማንጎ ሆኖ፣ ክፍሉን ሞልቶት መጣ። ዐይኔን ጨፍኜ ሰማኋት። አልመለስኩላትም።