ሰርኬ በሩን ከፈተች

መምህር ደግፌ ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ፣ ከሥራቸው የተረፈው አሥራ አራት ገጽ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ስም፣ ግስ፣ ተውላጠ ስም ብሎ ይጀምርና ወደ ሥነ ጽሑፉ ይሻገራል፤ ሲሚሊ፣ ሜታፈር፣ ፐርሶኒፊኬሽን፣ አይረኒ። እያንዳንዱ ቃል ከነትርጉሙ ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ አንድ ምሳሌ አለ። ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ያደገ ተማሪ ይህን ወረቀት ሳይሸመድድ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አይጨርስም።

በምሳሌዎቹ ሁሉ ውስጥ ሰርኬ የምትባል ሴት አለች። የዓረፍተ ነገር አሠራር ሲጀመር በሩን የምትከፍተው እሷ ናት። ሲሚሊ ላይ እንደ ታክሲ ረዳት ትጣደፋለች። ፐርሶኒፊኬሽን ላይ ጃንጥላዋ ዝናብ ይፈራል። አይረኒ ላይ ወጡን ታሳርርና ባሏ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ይላታል።

ተማሪዎች «ቲቸር፣ ሰርኬ ማን ናት?» ብለው ሲጠይቁ፣ መምህሩ ከእጃቸው ላይ ጠመኔ እያራገፉ «ምሳሌ ናት» ይሉ ነበር። አፍረው ነው። ወረቀቱን ሲያዘጋጁ ከጎናቸው ተቀምጣ «ይቺንም ጻፋት!» እያለች የምትስቀው ሚስታቸው መሆኗን ለዚያ ሁሉ ጎረምሳ መናገር አልሆነላቸውም።

ሰርኬ ካረፈች ስምንት ዓመት ሆነ። ልጅ አልወለዱም። ዘነበወርቅ ባለው ቤታቸው ስሟን የሚጠራ የለም። አንድ ቀን ብቻቸውን ጮክ ብለው ሊጠሩት ሞክረው፣ ድምፃቸው ግድግዳውን ነክቶ ሲመለስ ተዉት።

ሰኔ ግን ሌላ ነው። ፈተና ሲደርስ ተማሪዎች ወረቀቱ በሚባዛበት የሔለን ፎቶ ኮፒ ቤት በረንዳ ላይ ወዲያ ወዲህ እያሉ፣ ድምፅ እያወጡ ይሸመድዳሉ። መምህር ደግፌም ታክሲ የሚጠብቁ መስለው ማዞሪያው ጋ ይቆማሉ። ታክሲው ይመጣል፤ ይሄዳል። እሳቸው ቆመው የሃያ ልጅ አፍ ሰርኬ፣ ሰርኬ ሲል ይሰማሉ።

ዘንድሮም መጡ። በረንዳው እንደ ወትሮው ሞልቷል። አንዷ ልጅ ዓይኗን ጨፍና «ሔለን በሩን ከፈተች» ትላለች በእንግሊዝኛ። አንዱ ከወዲያ «የሔለን ጃንጥላ ዝናብ ይፈራል» ይላል። መምህሩ ጆሯቸውን አላመኑም። ወደ ውስጥ ገቡ።

«ቲቸር! እንዴት ከረሙ?» አለች ሔለን ከማሽኑ ኋላ። እሷም የድሮ ተማሪያቸው ናት። «አዲሱን አዩት? ያኛው የኮፒ ኮፒ ሆኖ ጠቁሮ አልነበብ ብሎ ነበር። እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ!»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ስሙ ግን…»

«እ፣ ሰርኬ! ልጆቹ ‹የማን አያት ናት› እያሉ ይስቁባታላ። እርስዎም ምሳሌ ናት ብለውናል። አንድ ቁልፍ ስጫን አሥራ አራቱም ገጽ ላይ ለወጠልኝ። ነጻ ማስታወቂያ!» ብላ ሳቀች።

አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃቸው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማሩት ዓረፍተ ነገር መሥራት ነው። ግን ባንኮኒው ፊት ተማሪ ተደርድሯል፤ የሔለንም ፊት ምስጋና ይጠብቃል።

«ቆንጆ ሆኗል» አሏትና ወጡ።

ማዞሪያው ጋ ሲደርሱ እግራቸው አልሄድ አለ። ተመልሰው ዓይኗን የጨፈነችው ልጅ አጠገብ ቆሙ።

«ልጄ፣ ሔለን አይደለም። ሰርኬ ነው።»

ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። «ወረቀቱ ሔለን ነው የሚለው፣ አባባ።»

«ወረቀቱ ተሳስቷል።»

«ቦንቱ፣ ደግሞ ከሽማግሌ ጋር ክርክር ጀመርሽ?» ብሎ ጓደኛዋ አሾፈባት።

«አንተ ዝም በል! እርስዎ በምን አወቁ፣ አባባ?»

መምህር ደግፌ መሬት መሬት አዩ። ምሳሌ ናት ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

«ሚስቴ ነበረች» አሉ።

ቦንቱ ወረቀቱን አየች፣ እሳቸውን አየች። «ወጡን ያሳረረችው?»

«እሷው።»

«ጃንጥላውስ?»

«ቤት አለ። ዛሬም ዝናብ ይፈራል።»

ልጅቷ ልትስቅ ብላ ተወችው። እስክሪብቶዋን ከጸጉሯ መዝዛ ሔለንን ሰረዘችና «በምን በምን ይጻፋል?» አለች። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ ነገሯት፤ ቀስ ብለው፣ እንደሚጨርሱት እየፈሩ።

«ዘነበወርቅ አንድ ሰው! አባባ፣ ይገባሉ?» አለ ማዞሪያው ጋ የቆመ የታክሲ ረዳት።

በእጃቸው እለፍ አሉት። በረንዳው ላይ ያለው ልጅ ሁሉ አሁንም ሔለን፣ ሔለን ይላል። ከመሀል አንዲት ቀጭን ድምፅ ብቻዋን ሰርኬ አለች። መምህሩ እሷን ከሌላው ለመለየት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆሙ።