የሁለታችን ዋንጫ

እንግዳ መቀበል እናውቅበታለን ሲባል ስሰማ ሳቄ ይመጣል። ቤታችን የመጣን እንግዳ እግሩን አጥበን፣ መደባችንን ለቀን እንደምናስተናግድ እኔም አልክድም። ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣን ሰው ግን እንዴት እንደምንቀበል በዓይኔ አይቻለሁና ማንም አያስተምረኝ። ደግሞም ካጠፉት አንዷ እኔው ነበርኩ።

በንጉሡ ዘመን ነው፤ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በተዳርኩ በሦስተኛው ዓመት። አማቴ ጉልበታቸውን ሲያማቸው የሰንበቴ ተራቸውን ለኔ ሰጡኝ። ተራ የደረሳት ሴት ዳቦ ጋግራ፣ ጠላ ጠምቃ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛውን ደጀ ሰላም ውስጥ ታበላለች፣ ታጠጣለች። የመጀመሪያዬ ስለነበር ጌሾው በዛ አነሰ እያልኩ ሳምንቱን ሙሉ ስጨነቅ ከረምኩ።

ቅዳሴው አልቆ ስንወጣ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከዝግባው ሥር አንዲት ሴት ቆማ አየሁ። ሆዷ ገፍቷል። በዚያ ዓመት ከአዘና በኩል ከባሏ ጋር መጥታ ከወንዙ ማዶ የሰፈረች ሸክላ ሠሪ ነበረች። ገበያ ላይ በእንስራ ዋጋ የሚከራከሯት ሴቶች እዚህ ሲያዩዋት የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ሸፈኑ። ያን ጊዜ ሸክላ ሠሪ ሁሉ ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል ይባል ነበር።

ቀረብ ብዬ፣ "ምነው ውጭ ቆምሽ? ግቢ እንጂ" አልኳት በአገውኛ።

"ልጄ ሲወለድ ክርስትና የሚያነሳልኝ ሰው የለኝም" አለችኝ። "ሳያውቁኝ ማን ያነሳልኛል ብዬ ነው የመጣሁት።"

እጇን ይዤ አስገባኋት፤ ከሴቶቹ መደብ ጫፍ ላይ አስቀመጥኳት። እውነቱን ልናገርና በዚያች ሰዓት ራሴን ከጻድቃን ቆጥሬው ነበር።

በሰንበቴያችን የሚጠጣው በቀንድ ዋንጫ ነው። አንዱ ዋንጫ ለአራት ለአምስት ሰው ይዞራል። ለእሷ ግን ማንም ያልጠጣበት አዲስ ቅል ፈልጌ፣ ጠላ ቀድቼ ሰጠኋት። ክብር መስሎኝ ነው። ሴቶቹም አይቀየሙኝም፣ እሷም ትጠጣለች ብዬ አስልቼ ነበር። ቅሉን በሁለት እጇ ተቀበለችና አዟዙራ አየችው።

"እኔ ስሄድ ይኼን ቅል የት ታደርጊዋለሽ?"

የት እንደሚሄድማ አውቃለሁ፤ አማቴ ከአጥር ውጭ አስወርውረውኝ ነበር የሚያርፉት።

"ጠላ ጠምቶኝ አልመጣሁም" አለች። ቅሉን ሳትቀምሰው መሬት አስቀምጣ ወጣች።

ሴቶቹ እፎይ አሉ። "አየሽ ትዕቢቷን?" አሉኝ አማቴ። ፊቴ ነደደ። የተናደድኩት በነሱ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ በራሴ ነው።

ማክሰኞ ወንዙን ተሻግሬ ቤቷ ሄድኩ። አልተደበቅኩም፤ እንዲያውም ሆን ብዬ በሰው ደጅ በሰው ደጅ አለፍኩ። እሷ ከቤቷ በር ላይ ተቀምጣ ድስት ታለሰልሳለች። እጇ በጭቃ እንደተለወሰ ቀና ብላ አየችኝ።

"ውኃ ስጪኝ" አልኳት።

"በምን?"

"አንቺ በምትጠጪበት።"

አፉ የተሸረፈ ቅል ሞልታ አመጣችልኝ። ጨልጬ ጠጣሁት። "በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት። "ልጅሽን ክርስትና የማነሳው እኔ ነኝ። እሑድ ግን ነይ።"

"መጥቼ የት ልቀመጥ?"

"ከጎኔ።"

ቤት ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አማቴ በሩ ላይ ቆመው፣ "ከዛሬ ጀምሮ በዕቃዬ አትጠጪም!" አሉኝ።

"እሺ። እንግዲያውስ እንስራዎንም ይስበሩት። የማን እጅ የሠራው መስሎዎት ነው?" አልኳቸው። አማት እንዲህ አይባልም። ዛሬም ቢሆን ግን አልጸጸትም። ባሌ ዝም አለ፤ ዝምታው ለኔ ይሁን ለእናቱ ሳይነግረኝ ኖረ።

እሑድ የሌላ ሴት ተራ ነበር። መጣች፤ ከጎኔ ተቀመጠች። ባለ ተራዋ ዋንጫውን ስትሰጠኝ ጥቂት ጠጥቼ ለሸክላ ሠሪዋ አቀበልኳት። ጠጥታ መለሰችልኝ። ደግሜ ጠጣሁና ዋንጫውን በሌላው ጎኔ ለተቀመጡት ለአማቴ ዘረጋሁላቸው። እጃቸው ከነጠላቸው ውስጥ አልወጣም። ቄሱ ከወንዶቹ በኩል ሁሉን አይተዋል፤ አቀርቅረው ዳቦ መቁረሳቸውን ቀጠሉ። እሳቸውንም ታዘብኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ያንን ዋንጫ ለዩልን። "የሁለቱ ዋንጫ" ብለው ከሌሎቹ አርቀው ለብቻው ችንካር ላይ ሰቀሉት። ሊያሳፍሩን ነው እንግዲህ! የነሱ ዋንጫ ለአምስት ሲዞር የኛ ለሁለት ነው፤ እስኪበቃን እየጠጣን እንስቅባቸው ነበር። ልጇ ሴት ሆነች። በሰማንያ ቀኗ አቅፌ ክርስትና አነሳኋት።

በዓመቱ አንድ እሑድ አንዲት የማናውቃት ሴት ወደ ደጀ ሰላም ገባች። ከጫግኒ ቆላ መጥታ የእኛ ብርድ አልለመዳትም፤ ነጠላዋን ደርባ ትንቀጠቀጣለች። መቀመጫ ፍለጋ ዓይኗን በሴቶቹ ላይ ብታዞር አንዷም ጠጋ አላለችላትም። ለሸክላ ሠሪ ብቻ አይደለም፣ ለማንም እንግዳ እንዲህ ነበሩ፤ ያላወቁትን ሰው መጀመሪያ በዓይን መመርመር ነው።

"ነይ፣ እዚህ ቦታ አለ" አለቻት ሸክላ ሠሪዋ።

መጥታ በመካከላችን ተቀመጠች። ዋንጫውን ላቀብላት ስል ሸክላ ሠሪዋ እጄን ያዝ አደረገችኝና ወደ እንግዳዋ ዞረች።

"እህቴ፣ እኔ ሸክላ ሠሪ ነኝ። በዚህ ዋንጫ ጠጥቻለሁ። አውቀሽ ጠጪ።"

ሁሉም ወደኛ ዞረ። አማቴ እንኳ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። ይቺም ዋንጫውን መሬት ብታስቀምጠው ጓደኛዬ ዳግመኛ እዚህ ደጅ እንደማትመጣ አውቃለሁ።

እንግዳዋ ሴቶቹን አየቻቸው። ቀጥሎ እኛን አየችን።

"ነይ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት" አለችና ዋንጫውን ከእጄ ወስዳ እስከ ታች ጠጣችው።

ባዶውን ዋንጫ ተቀብዬ ተነሳሁ፤ ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርጌ ለባለ ተራዋ ዘረጋሁላት።

"ቅጂበት" አልኳት። "ሦስት ሆነናል።"