ከፒያኖው ጀርባ ያየሁት

ይህን ለባሌ አልነገርሁትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኋቸውም። ፊታቸው ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን ስዘረዝር ይኸኛው ጉሮሮዬ ድረስ እየመጣ ተመልሷል። እሱን ደብቄ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ሲሉኝ አሜን ብያለሁ። አሁን ለእናንተ ለማላውቃችሁ እናገራለሁ። ፊታችሁን ስለማላይ ይሆን? እንጃ። ድፍረት ግን አይደለም። ድፍረት ቢኖረኝ ኖሮ ያኔ፣ በዚያ ቤት ውስጥ፣ አንዲት ቃል እተነፍስ ነበር።

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ ዛሬም እዚያው ግሽ አባይ ሰፈር እኖራለሁ። ኮሌጅ ውስጥ የሬጅስትራር ሠራተኛ ነኝ። አዲስ አበባ ስማር አንድ መምህር ፒያኖ አስተማረኝ፤ ተመርቄ ወደ አገሬ ስመለስ ግን ፒያኖ ከየት ይምጣ? ኪቦርድ ገዛሁ፣ አላረካኝም። ጣቴ እንጨቱን፣ ብረቱን፣ ክብደቱን ፈለገ። ባሌ ዳዊት የፋብሪካ መሐንዲስ ነው። ስነዘንዘው «ከተገኘ እናያለና» ይለኛል፤ እንደማይገኝ ስለሚያውቅ።

ተገኘ። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ደላላ ደወለልን። «እንደ ቁም ሳጥን ያለ፣ ግድግዳ የሚደገፍ ፒያኖ ነው። ባለቤቱ ቶሎ ይውጣልኝ ብሏል» አለ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቤቱ ከሐይቁ ዳር ነው፤ ከግቢው አጥር ጀርባ ደንገሉ ይጀምራል። የሄድን ቀን ሰማዩ ከደቅ ደሴት በኩል ጠቁሮ፣ ነፋስ የሚባል ጠፍቶ፣ ውኃው እንደ ዘይት ረግቶ ነበር። ባለቤቱ አቶ ይርጋ በር ላይ ተቀበለን። ሃምሳውን ያለፈ፣ ሸሚዙን በሥርዓት የተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ ሰው ነው። «ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» አለን። ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥን ተከፍቷል። መስኮቶቹ ሁሉ ግን፣ በዚያ ሙቀት፣ ድርግም ብለው ተዘግተዋል።

መምህሬ «ያገለገለ ፒያኖ ስትገዢ ፊቱ አያታልልሽ። ከፍተሽ እዪ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ንኪ፣ ጀርባውንም ሳታዪ አትክፈዪ» ይለኝ ነበር። እንደዚያው አደረግሁ። የላይኛውን ክዳን አንሥቼ በስልኬ መብራት ውስጡን አየሁ። የሐይቁ እርጥበት የብረት ክሮቹን ጥቂት አዝጓቸዋል። መዶሻዎቹን የሸፈነውን ሱፍ ብል ነክቶታል። የታችኛውን ሳንቃ ፈትቼ ሳይ አይጥ ገብታበት ኖሯል፤ የከፋ ጉዳት ግን የለም። ልቤ ዘለለ። ይህ ፒያኖ ይድናል፣ የኔ ይሆናል አልሁ።

ቁልፎቹን ከግራ ጀምሬ አንድ በአንድ መንካት ጀመርሁ። ዳር ዳር ያሉት አቧራ ለብሰዋል። መሐል ላይ ያሉት ግን ንጹሕ ናቸው፤ ያብረቀርቃሉ። ጣት ሲመላለስባቸው ከርሟል።

«ማነው የሚጫወትበት?» አልሁት።

«ማንም። እኅቴ ነበረች። አንዲት የውጭ አገር መምህርት አስተምራት፣ አገሯ ስትገባ ጥላላት ሄደች። እኅቴ ጤና አጥታ ጸበል ከገባች ዓመት ሊሆናት ነው።»

ዓመት። በጣቴ ሥር ያለው ቁልፍ ያን ሁሉ ጊዜ ያልተነካ አልነበረም። ይህን አወቅሁ፤ አውቄም ወደሚቀጥለው ቁልፍ አለፍሁ።

ከመሐለኞቹ አንዱን ስጫነው ጠቅ አለና ድምፅ አልሰጠም። ደገምሁት፤ ጠቅ። ስሠልሰው ድምፁ መጣ፣ ከፒያኖው ግን አይደለም። ከግድግዳው ውስጥ የወጣ መሰለኝ። የሴት ድምፅ ነው፤ ቀጭን፣ ያልተዛነፈ፤ ያ ቁልፍ ማሰማት የሚገባውን ድምፅ አዜመችው። ቀጥሎ ያለውን ተጫንሁ። እሱ ክሩ ረግቦ ድምፁ ወረድ ብሏል። ሴትዮዋ ትክክለኛውን፣ ከፍ አድርጋ፣ መለሰችልኝ። እንደ አስተማሪ አረመችኝ።

አቶ ይርጋ ተነሥቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረው። «ጎረቤት ናቸው፣ መዝሙር ያጠናሉ» አለ። እኔ አልጠየቅሁትም ነበር።

ዳዊት በረንዳው ላይ ከደላላው ጋር ስለ መኪናና ስለ ተሸካሚዎች ይነጋገራል። እሱ አልሰማም። እኔ ነኝ የሰማሁ።

«ጀርባውን ልየው» አልሁ።

«ከጀርባው ግድግዳ እንጂ ምን አለ ብለሽ ነው እኅቴ? ከባድ ነው፣ ሲጫን ታዪዋለሽ።» ድምፁ እንደለሰለሰ ነው፤ ግን መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

ጉንጬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ የስልኬን መብራት ከፒያኖው ጀርባ ወዳለው ክፍተት ላክሁት። ፒያኖው የተደገፈው ግድግዳ አይደለም። በር ነው። በሩ በብረት መወርወሪያ ተሸንጉሯል፤ መወርወሪያው ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ብርሃኑን ወደ ታች ሳወርደው በበሩና በወለሉ መካከል ባለው ስንጥቅ የወጡ የሰው ጣቶች አየሁ። ጥፍራቸው ረዝሟል። ብርሃኑ ሲያርፍባቸው አልሸሹም። ወለሉን ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ፣ መታ መታ አደረጉት። «አለሁ» እንደሚል ሰው።

ዳዊት ከደጅ ገባ። «ጀርባውስ እንዴት ነው?» አለኝ።

ቀና አልሁ። አቶ ይርጋ ዓይኔን ያያል። ቴሌቪዥኑ ይጮኻል።

«ደህና ነው» አልሁ።

ይኸው ነው ኃጢአቴ። ማንም አላስገደደኝም። ቢላ የያዘብኝ የለም፣ ያስፈራራኝ የለም። ባሌ አጠገቤ ቆሟል፤ ጉልበታም ሰው ነው፣ ፈሪም አይደለም። «ዳዊት፣ ከዚህ በር ጀርባ ሰው አለ» ብል ምን ይቀርብኝ ነበር? ፒያኖው ይቀርብኝ ነበር። ደህና ነው አልሁ። ሰው ተቆልፎበት አይቼ ደህና ነው አልሁ።

በማግስቱ ፒያኖው ሲጫን ራሴን አሞኛል ብዬ ቤት ቀረሁ። ዳዊት ከተሸካሚዎቹ ጋር ተመልሶ እየሳቀ «ሰውዬው ጉድ ነው፤ መስኮት በሌለበት ግድግዳ መጋረጃ ሰቅሏል» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። እንዴት ሳቅሁ? ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ለራሴ ብዙ ነገርሁት። ታማ ይሆናል፣ ራሷን እንዳትጎዳ ብለው ይሆናል፣ የሰው ቤት ገመና አይደለም ወይ፣ አንቺ ማን ነሽና ትገቢበታለሽ አልሁ። ሁሉም ለጊዜው ያስተኛል። ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ፒያኖዬ ፊት ተቀምጬ እጫወት ነበር፤ መስኮት ዘግቼ። ያ ሰው መስኮቱን ለምን እንደሚዘጋ ገባኝ። ባጃጅ በዚያ ቤት በኩል ሲወስደኝ ፊቴን ወደ ሌላው ጎን አዞር ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ ወሬው ከተማውን ሞላው፤ ሐይቁ ዳር አንዲት ሴት በወንድሟ ቤት ተቆልፎባት ተገኘች ተባለ። ስሟ ትርንጎ ነው። ሆስፒታል ተኝታ ሰው ሁሉ ይጠይቃታል። ብርቱካን ገዝቼ ሄድሁ። ለምን ሄድሁ? ልናዘዝ? አይደለም። ታውቀኝ እንደሆነ ለማወቅ ነው የሄድሁ።

ከራስጌዋ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፤ የአቶ ይርጋ ጎረቤት፣ ወይዘሮ አገር የሚባሉ። በሩን ያስከፈቱት እሳቸው ናቸው። ለሚገባው ጠያቂ ሁሉ ይተርካሉ። «ማታ ማታ ፒያኖ እሰማ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ቀረ። ይርጋን ብጠይቀው ሸጥሁት አለኝ። እኅትህስ ብለው፣ ዓመት ሆናት ጸበል ነች አለኝ። ታዲያ ማታ ማታ የሚጫወተው ማን ነበር ልጄ? አላስተኛኝም። ሽማግሌም ፖሊስም ጠርቼ በሩን አሰበርሁት።»

ወይዘሮ አገር ድምፁ መቅረቱን ሰምተው ነው የደረሱ። እኔ ድምፁን ሰምቼ ነው ትቻት የሄድሁ።

ትርንጎ ከኔ ብዙም አትበልጥም። ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ወለል ላይ ተኝታ ሳንባዋ ተጎድቷል። ስትናገር ድምፅዋ እንደ ሻከረ ሳንቃ ነው፤ በጩኸትና በሳል አልቋል፤ እንደ ድሮው እንደማይሆን ሐኪሞቹ ነግረዋታል። «የወላጆቻችን ቤት አይሸጥም፣ አልፈርምም» ብላ ነው ወንድሟ የቆለፈባት። ሲጠየቅ «አእምሮዋ ታሞ ነው፣ ለራሷ ብዬ ነው» አለ።

«ፒያኖው እያለ ይሻል ነበር» አለች፣ ለሁላችንም። «ማታ ማታ በጓሮው በር አውጥቶ ሳሎን ያስገባኛል። ካልተጫወትሁ እጮሃለሁ፤ ከተጫወትሁ ዝም እላለሁ፤ ለሱም ይቀለዋል። ከሸጠው ወዲህ ግን በሩን የሚከፍትበት ምክንያት አጣ።»

ክፍሉ ውስጥ የተቀመጥነው ሴቶች ከንፈራችንን መጠጥን። እኔም መጠጥሁ።

«ፒያኖዬን ማን እንደ ገዛው የምታውቁ አላችሁ?» አለች። ዓይኗ ከአንዳችን ወደ አንዳችን ዞረ፤ እኔ ላይም አረፈ።

«አላውቅም» አልሁ። ሌሎቹ ዝም ብለው ራሳቸውን ሲነቀንቁ፣ እኔ ነኝ አፍ አውጥቼ የተናገርሁ።

«ልትገዛ የመጣችው ሴት ነበረች። ቁልፍ በቁልፍ ስትሞክረው ከውስጥ ሆኜ አዜምሁላት። የስልኳን መብራትም በበሩ ሥር አየሁት። ሰው ይዛ ትመለሳለች ብዬ ጠበቅኋት፤ ብዙ ጠበቅኋት።» ሳል አቋረጣትና ትንፋሿን ሰበሰበች። «ምናልባት አልሰማችኝም ይሆናል። ቴሌቪዥኑ ይጮኽ ነበር። ሰምታ ቢሆን አትተወኝም ነበር።»

ብርቱካኑን አልጋዋ ሥር አስቀምጬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ይብሳል። ፒያኖው እንዳይታወቅብኝ ፈርቼ፣ እርጥበቱ አበላሸው ብዬ ዳዊትን አሳምኜ፣ አዲስ አበባ ለሚወስድ ሰው ሸጥሁት። የት እንደ ደረሰ አላውቅም፤ ልመልስላት ብል የምመልሰው የለኝም። የወንድሟ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲደርስ አእምሮዋ ታሟል ያለውን የሚያፈርስ ምስክር ተፈለገ። የረገበ ክር በጆሮዋ ሰምታ፣ በተቆለፈ በር ውስጥ ሆና ያረመችኝ ሴት ጤነኛ ናት ብሎ ለመመስከር ከኔ የተሻለ ማን ነበር? አልቀረብሁም። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ተፈታ፤ ቤቱ ውስጥ አለ።

ትርንጎ አክስቷ ዘንድ ዱርቤቴ ገባች። ሩቅ አይደለም። አንድ ቀን መናኸሪያ ሄጄ የዱርቤቴ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጥሁ። ረዳቱ እየጮኸ ሲጠራ፣ ሰው እየሞላ ሲመጣ፣ አንድ ሰው ብቻ ሲጎድል «ረስቼው የመጣሁት ዕቃ አለ» ብዬ ወረድሁ። በቦታዬ አንዲት የገበያ ሴት ተቀመጠችና መኪናው ሄደ።

ዳዊት ይህን ከእናንተ ጋር እኩል፣ ገና አሁን ነው የሚሰማው። ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን አልበደልሁም። ፈርቼ ነው፣ አላወቅሁም ነበር፣ ሰው ነኝ እሳሳታለሁ አልልም። የሰው ጣት አይቼ ደህና ነው ያልሁ እኔ ነኝ።

ትርንጎ፣ «ምናልባት አልሰማችኝም ይሆናል» ብለሽ ነበር። ሰምቼሽ ነበር።