ሰነፉ ሞላ

ያን ጊዜ ሥራዬ የሰው ቦርሳ መክፈት ነበር። በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ፣ አፉላ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ በር ላይ በፈታሽነት ቆሜ፣ ወታደሩንም ተማሪውንም የፋብሪካ ሠራተኛውንም «ክፈት፣ ክፈቺ» ስል ነበር የምውለው። ሥራ ሰውን ቤቱ ድረስ ይከተላል መሰለኝ፣ ተዘግቶ የቆየ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። ተረጋግቼ ቴሌቪዥን እንኳ ማየት አልችልም ነበር። ባለቤቴ «መቀመጫህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ትለኛለች።

አሮጌ የጦር ሽጉጥ መሰብሰብ የጀመርኩትም በዚሁ ጠባዬ ነው። በጣቢያው በር የሚያልፈው ጠመንጃ ገና ሥራ ላይ ያለ ስለሆነ ያስፈራኛል። አሮጌዎቹ ግን ሥራቸውን ጨርሰዋል፤ አፈሙዛቸው በብየዳ ተደፍኗል፣ ዳግም አይተኩሱም። መሀል ከተማ ካለ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ እገዛቸዋለሁ፣ ፈትቼ እወለውላቸዋለሁ፣ ከዚያ ብረቱ ላይ የተመታውን ማህተምና ቁጥር ይዤ የየትኛው ጦር እንደነበሩ እስካገኝ ዕረፍት የለኝም። አንዱ የቱርክ ጊዜ ነበር፣ ሌላው የእንግሊዝ መኮንን የያዘው። ባለቤቴ የማስቀምጥበትን መሳቢያ «መቃብሩ» ብላ ሰይማዋለች።

አንድ ቀን ነጋዴው ስድስት ጎራሽ የጣሊያን ሽጉጥ አወጣልኝ። «ይሄማ ካንተ አገር የመጣ ነው» አለኝ። «ጣሊያንን ከዚያ ካስወጡት የእንግሊዝ ወታደሮች አንዱ ይዞት መጣ።» ነጋዴ የማይለው የለም ብዬ ግማሹን አላመንኩትም። ቤቴ ወስጄ ስፈታው ግን ልቤ ዘለለ። ሁሉም አካሉ የፋብሪካ ቁጥር አለው፤ መምቻውን የሚገፋው ሞላ ብቻ የለውም። እሱ በእጅ የተቀጠቀጠ ነው፣ የመዶሻው ዱካ በጣት ይዳሰሳል።

ልቤ ለምን እንደዘለለ ለማያውቅ ልንገር። ጎንደር ላይ ብረት የሚቀጠቅጡት የኛ ሰዎች፣ አይሁዶቹ ነበሩ። ማረሻውንም ጠመንጃውንም የሚጠግኑት እነሱ፣ ቡዳ የሚባሉትም እነሱ። ባላገሩ ጠመንጃውን አስጠግኖ ይወስድና ልጁ ሲታመምበት «ቀጥቃጩ በላብኝ» ይላል። ያ ሞላ የአንዱ የኛ ሰው የእጅ ሥራ ነው ብዬ ደመደምኩ። ግን የማን? የየትኛው መንደር ሰው? ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቦርሳ ውስጥ ስመለከት የሚታየኝ ሞላው ነበር።

የሚያውቅ ቢኖር አባቴ ነው። አባቴ ቀጥቃጭ አልነበረም፣ ገበሬ ነበር። እሱ እንዲያ ነገረን፣ እኛም እንዲያ ብለን አደግን። ክንዱ ላይ ያሉትን የቃጠሎ ጠባሳዎች ስንጠይቀው «ልጅ ሆኜ ምድጃ ላይ ወድቄ» ይላል፤ ደግመን ከጠየቅነው «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ተነስቶ ይወጣል። እዚህ አገር ከመጣን ጀምሮ ጡረታ እስኪወጣ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ባለ አንድ የብረት ፋብሪካ ወለል ሲጠርግ ኖረ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አፉላ ኢሊት የሚባለው ሰፈር ብቻውን ይኖራል።

ሽጉጡን ይዤ ሄድኩና ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም።

«መሬት አኑረው» አለኝ።

«የሞተ ነው አባ፣ አይተኩስም።»

«መሬት አኑረው አልኩህ!»

አኖርኩት። ጎንበስ ብሎ ራሱ አነሳው። የተጸየፈኝ መስሎኝ ከፋኝ። እሱ ግን እኔን ረስቶኝ ነበር። ሽጉጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ውስጡን አየ፣ ሞላውን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ደግሞ ተጫነው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«የሠራው የኛ ሰው ነው አይደል?» አልኩት፣ መታገስ አቅቶኝ።

«የኛ ሰው!» አለ ተቆጥቶ። «የኛ ሰው እንዲህ ያለ ሰነፍ ሞላ ሠርቶ ቢሰጥ፣ ባለጠመንጃው በሰደፉ ነበር የሚለው። የመጋዝ ቁራጭ እኮ ነው! በደንብ ሳይግል የተመታ። ዘይትም አልጠጣ። ይሄን የሠራ ሰው እሳት አያውቅም፤ የዚሁ አገር የትራክተር ጠጋኝ ይሆናል። እኔ ብሆን ኖሮ...»

እዚያ ላይ አፉን ያዘ።

የሽጉጤ ታሪክ እዚያው ሞተ፤ ግድም አልሰጠኝ። «አንተ ብትሆን ኖሮ ምን?» አልኩት። ሊነሳ ሲል በሩ ላይ ቆምኩበት። ያን ቀን በ«ዝም አይነቅዝም» አልለቀውም።

ነገረኝ፣ እኔን ሳይሆን ሞላውን እያየ። ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር፣ አባቱም እንዲሁ። የኛ ሰዎች ያን ጊዜ ከሌላው ሰው ጋር አይነካኩም፤ ስለዚህ ባለጠመንጃው መሣሪያውን መሬት ያኖራል፣ አባቴ ያነሳል፤ ሲጠግነው እሱም መሬት ያኖራል፣ ባለቤቱ ያነሳል። አንዱ ጠመንጃውን አንስቶ በሄደ ሰሞን ሕፃን ልጁ ሞተበት። ቀጥቃጩ በላው ብለው መጥተው የአባቴን ጎጆ ከነወናፉ አቃጠሉት። አባቴ እናቴን ይዞ ወደማይታወቅበት አገር ሸሸ፣ የሰው መሬት እያረሰ መኖር ጀመረ፣ ብረት ላይቀጠቅጥ ማለ። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው።

«እዚህስ? እዚህ ማን ቡዳ ይልሃል?»

«ስንመጣ የቢሮዋ ሴትዮ ሙያህ ምንድን ነው ብላ አስጠየቀችኝ። ልነግራት ነበር። አስተርጓሚው ሀበሻ ሆነብኝ። ገበሬ ነው በላት አልኩት።»

ተናደድኩ። በአስተርጓሚው ይሁን በአባቴ ወይም በጎንደር፣ እንጃ። ያን ሁሉ ዓመት መጥረጊያ ይዞ፣ ሰው ብረት ሲያበላሽ እያየ! እንባዬ መጣ፣ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

«በል፣ ሞረድና መዶሻ ይዘህልኝ ና» አለኝ። «ይሄ ነገር እንዲህ ሆኖ አይቀመጥም።»

«አይተኩስም እኮ አባ።»

«ይተኩስ ማን አለ? ሰነፍ ሆኖ ለምን ይቀመጣል?»

አርብ ጠዋት ሞረድ፣ ትንሽና ትልቅ መዶሻ፣ ጉጠትና ከጋራዥ የለመንኩትን ጠንካራ ብረት ይዤ መጣሁ። አባቴ መጀመሪያ የመስኮቱን መከለያ ሁሉ ወደታች ለቀቀው። ከላይ ያለው ቤት የሚኖሩት ከአዲስ አበባ የመጡ ጡረተኛ ናቸው፤ እንዳያዩት ነው። ቡዳ የሁላችንም ስድብ ነበር፤ ግን አብረው ከተሰደቡትም መካከል የሚፈራራ አለ። ብረቱን በማእድ ቤቱ ጋዝ ላይ አጋለው፣ የትልቁን መዶሻ ራስ ከሥሩ አስቀመጠና ይመታው ጀመር። ቤቱ ጋለ፣ እኔ ከመስኮት መስኮት እመላለሳለሁ።

በሩ ተንኳኳ። መዶሻው ቆመ። ስከፍት የላይኛው ጎረቤት ናቸው።

«ምንድን ነው የምትቀጠቅጡት? ግድግዳው ሁሉ ይጮሃል።»

«ቧንቧ ነው፣ ቧንቧው ተበላሽቶብን...» አልኩ።

«ቧንቧ አይደለም!» አለ አባቴ ከማእድ ቤት። «ብረት ነው። ቀጥቃጭ ነኝ፣ ሥራዬ ነው።»

ሰውዬው በትከሻዬ አሻግረው ወደ ውስጥ አዩ፣ ደግሞ እኔን አዩ። «ይቅናዎ» አሉ ቀስ ብለው፣ ደረጃውን ወጡ። ከልባቸው ይሁን ፈርተው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በሩን ልዘጋው እጀታውን ያዝኩ።

«ተወው» አለኝ አባቴ፣ መዶሻውን እያነሳ። «ይሞቃል። ክፍት ይሁን።»