በመስመር ያልተላከ መርዶ

ወልደ ሰንበት አንኮበር፣ ጎረቤላ ከተማ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የልደትና የሞት መዝጋቢ ነው። ድሮ በእጁ ይጽፍ ነበር፤ አሁን በኮምፒውተር ይሞላል። የሞላው ሁሉ በየሰዓቱ በመስመር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ካለው ትልቅ የመረጃ ማከማቻ ይገባል። መስመር ሲቋረጥ ሁለቱ ማሽኖች በየፊናቸው ይሠራሉ፤ ሲመለስ ይተያዩና አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ያን ማከማቻ የምትጠብቀው ሠናይት ናት። የመሪጌታ ዘርአ ዳዊት ልጅ ስትሆን፣ በልጅነቷ ወልደ ሰንበት አዝሏታል፤ አጥር ለአጥር ጎረቤት ነበሩ።

በዚያ የሐምሌ ጠዋት መሪጌታ አረፉ። ወልደ ሰንበት ከሟች ቤት በቀጥታ ወደ ቢሮው መጣና የወዳጁን ስም ሌላ እጅ እንዳይሞላው ብሎ ዓይኑን እየጠረገ ሞታቸውን መዘገበ። ወዲያው የሟች ወንድም አቶ ባየው ጋቢውን እንዳጣፋ ገባ።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"መሪጌታን መዘገብኳቸው።"

"አበድክ? ልጅቱ እዚያ ሆና የምታየው አይደለም እንዴ! መርዶዋን ከዚህ ከቴሌቪዥንህ ልትረዳ ነው?"

"የገባ አይሰረዝማ። ለመሰረዝ የራሷ ፈቃድ ያስፈልጋል።"

"እንግዲያው ንቀለው!"

ወልደ ሰንበት መረጃው ከመሄዱ በፊት የመስመሩን ገመድ ነቀለው። ሽማግሌዎች ወደ ማታ ተነሥተው ደብረ ብርሃን ያድራሉ፣ ጎህ ሲቀድ በሯን አንኳኩተው ይነግሯታል፣ ከዚያም ለቀብር ያደርሷታል። የተመከረው ይህ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

"ጋሽ ወልዴ፣ መስመራችሁ ጠፋብኝ እኮ!"

"ጉሙ ነዋ፣ ልጄ። አንኮበርን አታውቂውም?"

"ደግሞ ጉም ገመድ መብላት ጀመረ?" ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምጿ ቀነሰ። "አባዬ ስልክ አያነሣም። ትናንት አሞኛል ብሎኝ ነበር። ደህና ነው? የሆነ ነገር ካለ ይንገሩኝ፤ አሁን ብነሣ መኪና አላጣም።"

ወልደ ሰንበት ወለሉ ላይ የተጋደመውን ገመድ አየ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻዋን ብትወድቅ ማን ይይዛታል? እሱም የእናቱን ሞት የተረዳው በሽማግሌ ነው፤ ግራና ቀኝ ደግፈውት።

"ደህና ናቸው" አላት። "ተኝተው ይሆናል።"

"እፎይ! በሉ ገመዱን ይዩልኝ።"

ማታ ዝናቡ ወረደ። ገደሉ ተንዶ መንገዱን ዘጋው። ሽማግሌዎቹ ጭቃ ውስጥ ሲማስኑ አድረው ደብረ ብርሃን የደረሱት በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። ካህናቱ የቻሉትን ያህል ጠበቁ፤ ከዚያ በላይ አልሆነም። ሠናይት ናዳው ድረስ በመኪና፣ የቀረውን በእግሯ መጥታ ስትደርስ አባቷ ላይ አፈር ተመልሷል፤ ቀባሪውም ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ይዟል። የወልደ ሰንበት ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሱም አጥብቆ ያዛት።

ሐዘኑ አልፎ ሥራ መግባቷን ሲሰማ ገመዱን መልሶ ሰካ። የመሪጌታ ሞት ሄደ። ማሽኑ ግን የሚልከው ሞቱን ብቻ አይደለም፤ መቼ እንደተሞላም አብሮ ይልካል። ወልደ ሰንበት ይህን ያውቅ ነበር። ቢሆንም ስልኩ ሲጮህ አነሣው።

"ጠዋት ነው የሞሉት" አለችው። "እኔ የደወልኩት ከሰዓት ነበር።"

"መርዶ እኮ፣ ልጄ፣ በስልክ..."

"ወጉን አውቀዋለሁ፣ ጋሼ። ያን ጊዜ ብነሣ ግን መሽቶም ቢሆን እደርስ ነበር። ፊቱን አይ ነበር።"

ወልደ ሰንበት ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዞረ።

"አባዬ ጠርቶኝ ነበር?"

ጠርተዋታል። ወልደ ሰንበት ራስጌያቸው ተቀምጦ፣ ሰማዩ ሲገላለጥ፣ "ሠናይቴ መጣች?" ሲሉ በጆሮው ሰምቷል።

"ጠርተውሻል" አላት። "በመድኃኔዓለም፣ ጠርተውሻል።"



"ደህና ናቸውም ብለውኝ ነበር" አለችና ስልኩን ዘጋችው።