ቁሉቢ ሲደርስ

ባለፈው ሳምንት ጓሮዬ ውስጥ ከሽንኩርቱ መሀል አረም ስነቅል አዲሷ ተከራዬ አጥሩ ጋ ቆማ ታየኝ ነበር። ከወሎ ተመድባ የመጣች ነርስ ናት።

«ላግዝዎት እንዴ? መቼ ነው የሚወጣው?» አለችኝ።

«ቁሉቢ ሲደርስ» አልኳት ሳላስበው።

ግራ ገባት። «ቁሉቢ ማለት... ገብርኤል?»

የያዝኩትን አረም ጥዬ ሳቅኩ። እኔ በእሷ ዕድሜ ይህችን ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ያን ሁሉ ጭንቀት ባላየሁ ነበር።

ያኔ ይህችን ከተማ፣ ጭሮን፣ አሰበ ተፈሪ ነበር የምንላት። ከጎጃም በመምህርነት ተመድቤ በመስከረም ስደርስ ከአዴ ሀሊሞ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። «አዴ» እዚህ እናት እንደማለት ነው፤ እሳቸውም በሳምንቱ እናቴ ሆነው አረፉት። ጓሯቸው ሙሉ ቀይ ሽንኩርት ነበር፤ ፍሬው ትንንሽ፣ ሽታው ግን እንግዳ ከበር የሚቀበል። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ ስለማያልፍ ነገሩን ሁሉ ሁለት ጊዜ ይሉልኛል፤ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ።

ጥቅምት እንደገባ ልጃቸው ገለምሶ ልትወልድ ደረሰችና ሊያርሷት ተነሡ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቁሉቢ ሲደርስ አውጥተሽ ጣራ ሥር ስቀይው። ዝናብ እንዳያገኘው፣ እሺ? አደራ!» አሉኝና አውቶብስ ተሳፈሩ። ያቺን አንዲት ቃል ግን አልተረጎሟትም።

እኔ ቁሉቢ ሲባል የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ፣ የገብርኤል ንግሥ። ቀን ቀጥረውልኝ ሄዱ ብዬ ነገሬም ሳልለው ለሽሮዬ ከጓሯቸው አንድ እቅፍ ነቀልኩ። አገሬ ነጭ ሽንኩርት እንደሚደረገው ቅጠሉን ሹሩባ ሠርቼ ከምድጃዬ በላይ ሰቀልኩት። በሳምንቱ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እዚህ አገር እስላሙም ለቁሉቢ ይሳላል ስትል ሰማሁ። ክው አልኩ። ለካ የስለት ሽንኩርት ኖሯል የሰረቅኩት! ከዚያ ወዲያ ከሹሩባው አንዲት ራስ አልቆረጥኩም፤ መጣሉንም ፈራሁ። በነጠላ ሸፍኜ ተውኩት።

ጥቅምት አለቀ። የጓሮው ሽንኩርት ቅጠሉ ደርቆ መሬት ላይ ተኛ። ልቤ አውጪው አውጪው ይለኛል፤ ግን የሰው ስለት ቀኑ ሳይደርስ እንዴት ይነካል? ኅዳር ላይ ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ሦስት ቀን ሳያባራ ጣለ። ሲያባራ ጓሮው መሽተት ጀመረ።

አዴ ሀሊሞ በኅዳር መጨረሻ ሙዝ ይዘውልኝ መጡ። ጓሮውን ሲያዩ ዘንቢሉ ከእጃቸው ወረደ።

«ቁሉቢው የታለ?»

«ገና ነው እኮ አዴ! ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።»

ጎንበስ አሉና ከጭቃው አንድ የበሰበሰ ራስ አውጥተው አፍንጫዬ ሥር ያዙት።

«ቁሉቢ ይሄ ነው። ሽንኩርት! ኦሮምኛ ነው እኮ።»

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። አልተቆጡም፤ የባሰብኝ እሱ ነው። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ያን ሽንኩርት ሲዳሩ እናታቸው ከመቻራ እንዳስያዟቸው፣ የሚተከለውም ፍሬው ራሱ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት እንኳ ዘሩን አቋርጠው እንደማያውቁ ነገሩኝ። «በቃ፣ አለቀ» አሉ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ሮጬ ክፍሌ ገባሁ፤ ነጠላውን ገልጬ ሹሩባውን አመጣሁላቸው።

«ሰርቄዎት ነው አዴ። ስለት መስሎኝ ፈርቼ ነው ሳልበላው የቀረሁት» አልኩ እያለቀስኩ።

ራሶቹን አንድ በአንድ ጨበጥ ጨበጥ አደረጓቸው። ሁሉም ደረቅ፣ ሁሉም ጠንካራ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሳቅ ነው።

«አልሐምዱሊላህ! ባትሰርቂ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?»

በክረምቱ አብረን ተከልነው። አዴ ሀሊሞ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆነ፤ ዛሬም አፈር በነካሁ ቁጥር ይናፍቁኛል። ሽንኩርታቸው ግን ይኸው እኔ ጓሮ ነው።

ይህን ሁሉ ለነርሷ አውርቼላት ስቀን ተለያየን። ዛሬ ጠዋት የሽንኩርቱን መደብ ሳየው ከጫፉ አንድ እቅፍ ተነቅሏል። አልጠየቅኳትም። የምትሸፍንበት ነጠላ ይኖራት ይሆን ብዬ ብቻ አሰብኩ።