ባዳ ማለት

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች እኔን ለጋብቻ ለመጠየቅ ነጌሌ ቤታችን ገቡ። ሦስት ነበሩ፤ ወደራ ከተማ የሚነግዱት፣ ሊያገባኝ የሚፈልገው ልጅ አጎት፣ ጎረቤታችን የሆኑ ሶማሌ ባለሱቅና አንድ ጡረተኛ መምህር። እኔ እንደ ወጉ ጓዳ ተቀምጬ ከመጋረጃው ኋላ እሰማለሁ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ቋንቋ ነው፤ ሰው ፊት ግን በየትኛውም ቋንቋ ብዙ አልናገርም።

የልጁ አባት የቦረና ኦሮሞ ናቸው። እናቱ ግን እንደኛው ከሰሜን ከመጡ ቤተሰቦች ስለሆኑ አባቴ ሰባት ቤት ሲያስቆጥር ከርሟል። ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አስቆጥሬያለሁ። ልጁ ባዳ ነው!»

«ምን አሉ?» አሉ አጎትየው።

«ባዳ! እርስዎም፣ ቤተሰቡም በሙሉ ባዳ ናችሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።»

በኦሮምኛ ባዳ «መጥፎ» ማለት ነው። ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

«ወንድሜ፣ አይቸኩሉ» አሉ ባለሱቁ። «በእኛ በሶማሊኛ ባዳ ባሕሩ ማለት ነው።»

«የወንድሜ ልጅ ባሕር ነው?»

መምህሩ ገቡበት። «ጠበቅ ሲደረግ እኮ በራስዎ ቋንቋም ደጋ ማለት ነው።»

«ነጌሌ ቆላ ተወልዶ ያደገ ልጅ ምን ደጋ አለው!»

«እንግሊዝኛውንማ እንተወው» አሉ መምህሩ። አጎትየው ካልሰማሁ አሉ። ሲነገራቸው እዚያም መጥፎ ሆኖ ተገኘ። ባርኔጣቸውን አነሱ።

ባርኔጣው ከወጣ ልጁም አብሮ እንደሚሄድ ገባኝ። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፤ እኔ ግን ወጣሁ። አባቴ ውሃ ያመጣሁ መስሎት ብርጭቆውን ዘረጋልኝ።

«ፊራ ሚቲ ጄቹዳ» አልኩ፣ ብርጭቆውን እያየሁ። ዘመድ አይደለም ማለት ነው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ በአማርኛ ጨመርኩ፤ «ዘመድ ቢሆንማ ነበር ክፉው። ባዳ ስለሆነ ነው አባቴ እሺ የሚለው።»

አጎትየው እኔን አዩ፤ አባቴን አዩ።

«ከሰጣችሁን በኋላስ ምን እንሆናለን?»

«ዘመድ» አለ አባቴ።

«እንግዲያስ ቶሎ ስጡንና ከዚህ መጥፎነት አውጡን።» ተቀመጡ።

በማግስቱ ጠዋት አጎትየውን መናኸሪያ ድረስ እንድሸኛቸው አባቴ ላከኝ። ሻንጣቸውን ይዤ ከኋላቸው ሄድኩ። መኪናው በር ላይ አንዲት ተሳፋሪ ልጃቸው እንደሆንኩ ጠየቀቻቸው።

«እስከ ሰርጉ ባዳ ናት» አሉ በኦሮምኛ። ባዳ የምትለዋን ቃል ብቻ ከእኛ ቤት አማርኛ ነው የወሰዷት።

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ላስረዳት አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ተውኩትና ሻንጣውን አቀበልኳቸው።